አማትን በማይክ የማናገር ጣጣ

በአገራችን ሰው የሚፈረድበት በተናገረው ነገር ይመስላችኋል? አይምሰላችሁ። የሚፈረድበት በድምጹ ልክ ነው። በለሆሳስ ድንበር የገፋ ጎረቤት «እርጋታው ደስ ሲል!» ሲባልለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጮክ ብላ «እንደምን አደራችሁ» ያለች ሴት ግን «ምን ሆና ነው ጠዋት በጠዋት?» ትባላለች። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

ይህ ሕግ ለሁሉም ቢሆንም ምራት ላይ ሲደርስ ይጠብቃል። ምራት አማቷ ፊት ስትናገር ድምጿ ከሽሮ መንተክተክ መብለጥ የለበትም። እናቴ ይህን አስተምራ ነው የዳረችኝ፤ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። ሌላ ቦታ ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ አልክድም። አማቴ ፊት ግን ምላሴን አጥፌ መሶብ ሥር አስቀምጬ ነው የምገባው። ታዲያ እናት ሆይ፣ ሁሉን አስተምረሽኝ አንዷን ረሳሻት፦ አማቴ ጆሯቸው የደነቆረ እንደሆነስ?

አማቴ ለአገሩ አያ ሞላ ናቸው፤ ለእኔ አባባ። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው አገራቸው ብዙ ዘመን የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት። ወንድም ከወንድሙ በውሃ ሲጣላ መሀል ገብቶ፣ ሁለቱም እኩል ቅር ብሏቸው እንዲሄዱ የሚያደርግ ዳኛ ነው። ባለቤታቸው ሲያርፉ እኛ ዘንድ ፍኖተ ሰላም መጡና መንገድ ዳር ባለችው ክፍላችን ገቡ። ክፍሏ ሦስት እርምጃ በሦስት እርምጃ ናት። አልጋ፣ ወንበር፣ ሣጥን፣ እሳቸው። ከዚያ ወዲያ የሚገባ ነገር አንዱን አስወጥቶ ነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። የቀረውን ትምህርቴን የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ጀምሬ ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብ ነው። ሙሽራ ሳለሁ «ይህች ምራት መጽሐፍ ላይ ተተክላ ትውላለች» ብለው ሲያሙኝ አባባ፣ «ታንብብ፤ ከእናንተ አፍ ፊደሉ ይሻላታል» አሉ። ይህችን ቃል ቆጥቤ አስቀምጫታለሁ። ስለዚህ እሳቸው ሲያረጁ ከሰዓት ከሰዓት መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩላቸው። ልብ ወለድ ይወዳሉ፤ በየገጹም ፍርድ ይሰጣሉ። ባል ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ፣ «ይኼስ ተራውን ሳይጠብቅ ቦይ የሚሰብር ዓይነት ነው» ይላሉ። በቤቴ መጽሐፍ የማወራው ሌላ ሰው የለኝም። ባሌ ይስማው በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ግማሹን ሳምንት ቡሬ ነው። ጆሮው ደህና ነው፤ የማይሰማው እኔን ብቻ ነው።

የአባባ ጆሮ መጀመሪያ ቀኙ፣ ከዚያ ግራው ሄደ። ጆሮ ውስጥ የምትገባዋን ትንሿን መሣሪያ ከባሕር ዳር አስመጣንላቸው። ሁለት ቀን አድርገው «ትንኝ አስገባችሁብኝ» ብለው አወለቁና ሣጥን ውስጥ ቆለፉባት። በትልልቅ ፊደል እየጻፍኩ ላሳያቸው ሞከርኩ። ዳዊት ደጋሚ ናቸውና ያነባሉ፣ ግን እንደ ዳዊት በዜማና በእርጋታ ነው። «መድኃኒትዎን ይዋጡ» የምትለውን አንብበው እስኪጨርሱ የመዋጫው ሰዓት ያልፋል። መድኃኒቱ የደም ግፊት ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክኒኑን ሰጥታ፣ ጨው ከልክላ፣ ሁለቱንም ጣጣ ለእኔ አስረክባኝ ሄዳለች።

የቀረው መጮህ ነው። መጮህ ደግሞ ነውር ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ዝም ብል ሽማግሌው ይጎዳሉ፣ ብጮህ እኔ ስሜ ይጎዳል።

መላውን ያመጣው ይስማው ነው፤ ባል አንዳንዴ ያስባል። ቡሬ ውስጥ የሠርግ ድንኳንና ድምጽ ማጉያ የሚያከራይ አንድ ወዳጅ አለው። ከእሱ ያገለገለ ማጉያ፣ አንድ ማይክና የሙሽራ ሣጥን የሚያክል እስፒከር ይዞ መጣ። «አንቺ በለሆሳስ ትናገሪያለሽ፤ የሚጮኸው ማሽኑ ነው። ነውሩም የማሽኑ ነው» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ የሕግ ዕውቀት እንዳለው አላውቅም ነበር። አከራዩ ከማጉያው ጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ ማዞሪያ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎባታል። «ይህችን ማንም እንዳይነካ፤ ልቡ እሷ ናት» ብሏል አሉ። እስፒከሩ ሲገባ ወንበሩ ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን ማይኩን ያዝኩ፣ አንገቴን ሰበር አደረግሁ፣ ከሽሮ መንተክተክ ዝቅ ባለ ድምጽ «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» አልኩ። ዝም። ፊት ለፊት ያለውን የድምጽ ማዞሪያ ትንሽ ጠምዘዝ አደረግሁት። ዝም። በጥፍሬ ጫፍ ገፋ ሳደርገው —

ወይ ጉድ! ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎቼ አጥር ዘለሉ። መንገድ ላይ ባጃጅ ቆሞ ሹፌሩ «ማን ሞተ?» አለ። አባባ ግን ፊታቸው እንደ መስቀል ማለዳ በራ። «ሰማሁ! ሰማሁ፣ ልጄ!» አሉ፤ ቀጥለውም በጣም አዝነው፣ «ግን ምነው ትጮሂብኛለሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ማዞሪያ ስለማመጥ ኖርኩ። በዝምታና በነጎድጓድ መካከል ያለችው መንገድ የፀጉር ስፋት የላትም። ወይ የለም፣ ወይ አገር ምድሩን ሞልቷል። እንዲህ ያለ ዘመድ አላችሁ መቼም፤ ዓመት ሙሉ ድምጹ ይጠፋና አንድ ቀን ሰባት ሆኖ ይመጣል።

አባባ መስማታቸውን ስለወደዱት እኔም ነጎድጓዱን መረጥኩ። ሰፈሩም የቤቴን ምስጢር ሁሉ መከታተል ጀመረ። «አባባ፣ ሆድዎ እንዴት አደረ?» ብዬ ስጠይቅ ከአጥር ወዲያ ጎረቤቴ ብዙአየሁ፣ «እሳቸውስ ምን አሉ?» ትለኛለች። «ዛሬ ፈታ ብሏል» ሲሉ «ተመስገን በይ!» ትላለች። ይህስ ባልከፋ ነበር። የከፋው ሌላ ነው። ቃሌ ሁሉ አንቱታ ነው፣ «ይዋጡ»፣ «ይነሱ»፣ «ይተዉት»። በዚያ ድምጽ ሲወጣ ግን አንቱታውም ዱላ ይመስላል። መንገደኛ ሰው በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ የሚሰማው «ይዋጡት ብያለሁ!» የሚል ነጎድጓድ ነው። እሱም ገበያ ሄዶ ሲያወራ፣ «አንዲት ምራት ሽማግሌ አማቷን በግድ ነገር ስታውጥ ሰማሁ» ይላል። ወሬ ደግሞ ከማጉያም ይከፋል፤ ለእሱ ማዞሪያም አልተሠራለት።

ወሬው ከገበያ ገበያ ተንከባሎ ማንኩሳ፣ የባሌ እህት አንጓች ዘንድ ደረሰ። አንጓች ክፉ አይደለችም፤ አባቷን የምትወድ ናት። ረቡዕ ዕለት ስልክ ደወለች።

«ደብሪቱ፣ ደህና ነሽ?» አለች። ደህንነቴን የጠየቀችው ግን እንደ ዳኛ ነው። «አባቴ ላይ ትጮሂበታለሽ አሉ። እኔ አላመንኩም። ግን አንድ ሰው ቢሆን ወሬ ነው ብዬ እተወው ነበር፤ ዘጠኝ ሰው ነው የነገረኝ። ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ጉዳዩ እንደተባለው ከሆነ አባቴን ይዤው እሄዳለሁ።»

«የሚጮኸው ማሽኑ ነው፣ አንጓቼ» ብላት፣

«ለማሽኑ ማን አፍ ሰጠው?» አለች። እውነትም ማን ሰጠው?

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አንጓች ልጃቸው ናት፣ ትንከባከባቸዋለች። ግን ደጇ ገደላማ ነው፤ ቤቷም ሰው ይበዛበታል፣ ማንም አያነብላቸውም። እኔስ? ያን የጀመርነውን መጽሐፍ ብቻዬን ልጨርሰው ነው? ደግሞ ምራት አማቷን በጩኸት አባረረች ከተባለ እንኳን እኔ፣ የልጅ ልጄም አታገባ።

ሐሙስ ድምጹን ለማፈን ዘመትኩ። እስፒከሩን በሁለት ጋቢና በፍራሽ ጠቀለልኩት። ነጎድጓዱ ወፍራም ነጎድጓድ ሆነ እንጂ አልቀነሰም። ቀጥዬ የይስማውን ሁለት ጆንያ የተደለዘ በርበሬ ፊቱ ላይ ደገፍኩበት። ከባድ ነገር ድምጽ ያስቀራል ብዬ አስቤ ነው፤ አትሳቁ። «አባባ» ከማለቴ እስፒከሩ ጆንያውን በጡጫ እንደሚመታ ሰው ነረተው፤ የበርበሬው ብናኝ ክፍሏን ሞላት። አባባ አነጠሱ፣ እኔ አነጠስኩ፣ ማይኩም ከፍቼ ትቼዋለሁና ማስነጠሳችን ሁሉ ተጎልቶ መንገድ ወጣ። ብዙአየሁ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «ደግሞ በበርበሬ አጠንሻቸው?» አለችኝ። ይህም በዚያው ሳምንት ማንኩሳ ገባ።

ከዚያ ሌላ ብልሃት መጣልኝ። ከማይኩ ራቅ ብል ድምጼ አይቀንስም? ማይኩን አልጋው ራስጌ ትቼ በሩ ጋ ቆሜ ተናገርኩ። ለካ ያ ማይክ ሆዳም ነው፤ እኔን ብቻ አይደለም የሚውጠው፣ ሰፈሩን ነው። የአውራ ዶሮ ጩኸት፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከአጥር ወዲያ የብዙአየሁ ወሬ፣ ሁሉንም ለቃቅሞ አባባ ጆሮ ላይ ገለበጠው። ሽማግሌው ስንት ዓመት ያልሰሙትን ጎረቤት በአንድ ጊዜ ሰሙ። ትንሽ አዳመጡና በእርጋታ ወደ እኔ ዞረው፣

«ደብሪቱ፣ ይህች ሴትዮ 'ልትገድላቸው ነው' የምትለው ማንን ነው?» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ማጉያው ፊት በርከክ ብዬ ማዞሪያውን በጥፍሬ እገፋለሁ፣ እመልሳለሁ። አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በበትራቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው፣

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉኝ።

ደብተሬን አወጣሁና በትልልቁ ጻፍኩ፦ «ነገ አንጓች ልትወስድዎ ነው። ይጮኻል ተብሎ።» በዜማቸው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ «እኔንስ የጠየቀኝ ሰው አለ?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ማጉያውን እያዩ፣ «ለመሆኑ ውሃው የሚገባው በየት ነው?»

ውሃ? ጃጁ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን በበትራቸው ጠቆሙ። «የምትናገሪው በዚህ ሽቦ ይገባል። በዚያ ይወጣል። አንቺ የምትታገዪው በሚወጣበት፣ በማሳው አፍ ላይ ነው። ዋናው ቦይ ሞልቶ እየመጣ የሽንኩርት መደብ አፍ ላይ ብትታገዪ ምን ዋጋ አለው? ጣት ታህል ከከፈትሽ መደቡ ይጠረጋል፣ ከዘጋሽ ይደርቃል። ስንት ጎረምሳ በዚህ አልቅሶ እኔ ዘንድ መጥቷል። ከላይ፣ ውሃው ከወንዙ ከሚጠለፍበት፣ ከመጥለፊያው ቀንሺ! ከዚያ ወዲያ መደብሽን እንደ ልብሽ ታጠጫለሽ።»

ወደ ማጉያው ጀርባ ዞሬ ፕላስተሩን ላጥኩት። ሥሩ «ጌይን» የሚል ጽሑፍ ያላት፣ አዝራር የምታክል ማዞሪያ እስከ ጥጓ ተከፍታ ተገኘች። ማይኩ የሚያመጣውን ድምጽ ገና ከመግቢያው፣ ትልቁ ማጉያ ዘንድ ሳይደርስ የምትቀበለው ለካ እሷ ናት። የቡሬው ሰው ለሜዳ ሠርግ፣ ለአምስት መቶ ሰው ከፍቶ አሽጓታል፤ እኛ ደግሞ ሦስት እርምጃ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ሠርግ ደግሰናል። በቢላዋ ጫፍ መለስኳት፤ ከግማሽ በታች፣ ከዚያም ትንሽ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። አሁን የፊቱን ማዞሪያ ሳዞረው አንድ ላይ ሹክሹክታ፣ ሁለት ላይ ከፍ ያለ ሹክሹክታ፣ ሦስት ላይ ሰው፣ አራት ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው። ዶሮውም፣ ባጃጁም፣ ብዙአየሁም ከክፍሉ ወጡ። አራት ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁበት።

«አባባ፣ ይሰማል?» አልኩ፤ በራሴ ድምጽ፣ በምራት ድምጽ።

ፊታቸውን ከእስፒከሩ ወደ እኔ መለሱ። «ድምጽሽ እንዲህ ነበር ለካ፤ ረስቼው ነበር» አሉ። ማይኩን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፤ በርበሬው ነው።

ቅዳሜ አንጓች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ መጣች። ብልጥ ናትና ቀጥታ አልገባችም፤ ሦስቱም መስኮቱ ሥር ቆመው አደመጡ። እኔ ውስጥ መጽሐፍ እያነበብኩ ነው። ምንም አልሰሙም። ግራ ገብቷቸው በሩን አንኳኩ። ተሳሳምን፣ ተቀመጡ፣ ወንበር ስላልነበረ ሣጥኑ ላይ ሆነ።

«እስቲ እንደወትሮሽ አናግሪያቸው» አሉኝ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ።

«አባባ፣ እንግዶች መጥተዋል። ጋቢ ልደርብልዎ?» አልኩ በማይኩ።

«ተይው ልጄ፣ ይሞቃል» አሉ አባባ። ነገሩ በቃ ይኸው ነበር።

ባለ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ ጉዳዩን ትተው ማይኩን መረመሩ። የእሳቸውም ጆሮ ከድቷቸው ኖሮ፣ «እኔንም አንዴ አናግሪኝ» አሉ። «እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ» አልኳቸው። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «እኔን እኮ ቤቴ ያለ ሰው ሁሉ በእጁ እየጠቆመ ነው የሚያናግረኝ፣ እንደ ጥጃ» አሉና ወዲያው ፍርድ ሰጡ፦ አያ ሞላ ካሉበት አይነቃነቁም። አንጓችም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ሰው ክፉ ነው፣ ደብሪትዬ! አታስቀይሚኝ» አለች። አልተቀየምኳትም። ትንሽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርሰው እኔ ብልህ፣ አማቴ ጠቢብ፣ ጎረቤቴ አፋሪ ሆነን እናበቃ ነበር። ግን ከኖርንበት ሰፈር ጋር አልተዋወቃችሁም።

አሥራ አምስት ቀን ያህል እንዳለፈ ብዙአየሁ አጥር ላይ ብቅ አለች። ፊቷ የለቅሶ ነው። «ደብሪቱ፣ ይቅር አትባባሉም?» አለችኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከሽማግሌው ጋር ነዋ! ድምጽሽ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ። ድሮ ቢያንስ ትጮሂባቸው ነበር፤ የጮኸ ሰው አልጠላም። ኩርፊያ ግን ሽማግሌ ይገድላል። ሆዳቸው እንዴት እንደሚያድር እንኳ ከሰማን ስንት ቀናችን!»

ማምሻውን አንጓች ደወለች። «አባቴን ዘግተሽዋል አሉ። አላመንኩም። ግን አሥራ አንድ ሰው...» ቅዳሜ ልትመጣ ነው።

ለአባባ በአራት ቁጥር ድምጽ ነገርኳቸው። አልተናደዱም። «ውሃም እንዲሁ ነው። ሲበዛ ከሳሽ አለው፣ ሲያንስ ከሳሽ አለው። በልክ ሲሆን ደግሞ 'ለማን ሰረቁት?' ይላሉ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ያንን ነገር ስጪኝ። መጥለፊያውንም ጥግ ድረስ ክፈቺው።»

ከፈትኩት። መስኮቱንም ከፈትኩት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብቻ አንድ ባጃጅ ቆመ።

«የሰፈር ሰዎች! ሞላ ነኝ» አሉ። ዶሮዎቼ አጥር ዘለሉ። «ምራቴ ትጮህብኛለች ያላችሁ፣ ውሸት ነው። ታኮርፈኛለች ያላችሁ፣ እሱም ውሸት ነው። ጠዋት ታናግረኛለች፣ ቀን ታነብልኛለች። አልፎ አልፎ ዝም ብትል እንኳ ባልጠላሁ። ከወለድኳቸው ለይቼ አላያትም። ዕድሜ ከጤና ይስጣት!»

«አሜን!» አለ መንገዱ በሙሉ። ብዙአየሁ እልል አለች። በበርበሬ ማሳበቤ ቀርቶ ፊት ለፊት አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ምስጋና፣ በሠርግ ማጉያ፣ ለየትኛዋ ምራት ተደርጎ ያውቃል?

አባባ ማይኩን ሊመልሱልኝ ዘረጉት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሰው መልሰው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ወጧ ግን ጨው የለውም።»

አንጓች ቅዳሜ መጣች። ሽማግሌ አልያዘችም። ያን ሁሉ ምርቃት አንዲት ቃል እንኳ አልሰማችም፤ ማንኩሳ የደረሰችው የመጨረሻዋ ብቻ ናት። በእጇ ሁለት ኪሎ ጨው ይዛለች። ከእሷ በፊት ብዙአየሁ በማንኪያ፣ የባጃጁ ሹፌር በወረቀት ጠቅልሎ አምጥተውልኛል። ሁሉንም አመስግኜ ተቀብዬ ቁምሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ነርሷ ከሰፈሩ ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ምሳ ሲቀርብ አባባ አንድ ጉርሻ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ደብሪቱ፣ ያ ሁሉ ጨው የት ገባ?» አሉ።

እንግዲህ ጆሮ የማይከዳው ሰው የለም። እኔንም በዚያች ሰዓት ከዳኝ።